ሰጋሩን አምጣልኝ

ዓርብ ከቀትር በኋላ ባሕሩ ርቆ ሸሽቷል፤
ከኡሙል ቁወይን ወዲያ ደለሉ ተዘርግቷል፣
እንደ ተላገ ጣውላ፣ ጨው እንደ ነሰነሱበት።
ኸልፋን ሁለት ካይት አውጥቶ አነጠፈና ጎን ለጎን
«ሸምሱ፣ ዛሬ ነጂው አንተ ነህ፤ ምረጥ» አለኝ፣ «ያሻህን።»

ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። በመርፌ ነው ያወቅኳቸው፤
ልብስ ሰፊ ሰውን እንደሚያውቅ፣ በብብታቸው፣ በጎናቸው።

ቀዩ ቀጭን ነው፣ ረጅም፣ ክንፉ እንደ ጎራዴ የተሳለ፤
መሬት ላይ ተኝቶ እንኳ ጫፉ ይርገበገባል፣ «ልሂድ፣ ልሂድ» እያለ።
ታኅሣሥ ላይ የኸልፋንን የእህት ልጅ፣ ማጂድን፣
ከነጋሪው ብድግ አድርጎ አፈረጠው፤ ትከሻው ወለቀ።
እናቱ ሆስፒታል ስታለቅስ፣ እሱ ስለ ፍጥነቱ እያወራ ሳቀ።
ያን ሰሞን የተቀደደ ሆዱን እኔ ነኝ የጠቀምኩት፤
ነፋስ የሚውጥበትን አፍ ሁሉ በጣቴ ለካሁት።
ክፋት የለበትም። የተሠራው ለሚቸኩል ሰው ነው።
እኔ ሃምሳ ሁለት ደፍኛለሁ፤ ጉልበቴ ሲታጠፍ ይሰማል።

ሁለተኛው ሰማያዊ ነበር፤ አሁን ፀሐይ ልሶት አመድማ፤
ሰፊ፣ ወፍራም፣ ቀሰስተኛ።
ሱቅ ውስጥ «የሽማግሌ» ይሉታል፤ ምን ቸገረው ቢሰማ።
አንዴ ከወጣ ግን ራስ በላይ ይቆማል፣
«ቁጭ በል» እስኪሉት እንደሚጠብቅ ጨዋ እንግዳ፤
እጅህን ብትዘነጋ እንኳ አያብድም፣ አይከዳ።
ነገሩ ዘንጉ ላይ ነው። ወደ ደረትህ ስትስበው
ነፋሱን አቅፎ ይጎትታል፤ ገፋ ስታደርገው
የኋላ ጠርዙን አንሥቶ ያሳልፈዋል፣
ሰምተህ እንዳልሰማህ እንደምታልፈው ስድብ።

አባቴ ዳሎቻ ገበያ በቅሎ ሲገዛ
ጥርሷን አይቶ አያበቃም ነበር፤ ልጓሟን ያላላና ይቆማል።
ሻጩ ይቁነጠነጣል፣ አባቴ ይቆማል።
«ሲስቧት የምትሄድማ ሞልታለች፤
ሲለቋት የምትረጋዋን ፈልግ» ይል ነበር።
ሰጋር ማለት እሷ ናት፤ የሞላ ዋንጫ ይዘው ቢቀመጡባት
ጠብታ የማታፈስ።

አሥራ አራት ዓመት በዚህ አገር፣ እኔን የጎተተኝ ሁሉ
ስገፋው ይብስ ነበር እንጂ አይላላም፦ ኢቃማው፣ እዳው፣ ውሉ፣
ሌሊት የሚደውሉ ዘመዶች፣ «ጣሪያው ቀረ፣ ቆርቆሮ» የሚሉ።
አላማርርም። ግን ለአንድ ዓርብ፣
ሲገፉት እሺ የሚል ነገር ማን ይጠላል?

«ሰጋሩን አምጣልኝ» አልኩት። ኸልፋን ቃሉ አልገባውም፣
ባማርኛ ነበር ያመለጠኝ፤ እጄ ያሳየውን ግን አልሳተውም።

ሸማሉ ለስላሳ ነበር። መስመሮቹ ተወጠሩ፤
ሦስቱ ጎማዎች ደረቅ ጨው እንደ ቆሎ መቆርጠም ጀመሩ።
ማንግሮቩ በግራዬ አለፈ። እግረ ረጃጅም ወፎች
ቀና አሉ፣ አዩኝ፣ ተመልሰው ጭቃቸውን ቆፈሩ፤
ከኔ ይልቅ ሸርጣን ያሳስባቸዋል።
ሁለት ጎረምሶች በጥቁር ሸራ አጠገቤ ሽው ብለው አለፉ፤
አሸዋቸው ጥርሴ ላይ ቀረ፣ እነሱ ጠፉ።

ከወደ ሰሜን ድንገት ነፋሱ ተገለበጠ።
ዘንጉን ገፋሁት፣ ትንሽ፣ ስንዝር የማይሞላ፤
ከላይ «እፍ» አለ፣ ሰው እንደሚተነፍሰው።
ጋሪው ረገበ። ልቤም፣ ቆየት ብሎ፣ ኋላ።

ቀና ብዬ አየሁት። ፀሐይዋ ከሸራው በስተጀርባ ነበረች፣
የውስጡ ሁሉ ይታያል።
ሦስተኛው ክፍል ላይ አንድ ጠማማ ስፌት አለ፣ የኔ፤
በረመዳን፣ ከሱሁር በፊት፣ ዓይኔ እየተከደነ የሰፋሁት።
«ይፈታል» ብዬ ነበር። አፍሬም ለኸልፋን ሳልነግረው ነው ያስረከብኩት።

አልተፈታም።

ኪሴ ውስጥ ስልኩ ይንቀጠቀጣል። ሁለቱም እጄ ዘንጉ ላይ ነው።
ይጥራ። ባሕሩ እስኪመለስ ገና ነው።